አባዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ያስተማረው የጀርመን ጦር ስልት

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የበሩን ቁልፍ መቀየራቸው አይደለም። ፖሊስ መጥራታቸውም አይደለም፤ በዚህ አካባቢ እሑድ ጠዋት ፖሊስ የቆመበት ቤተ ክርስቲያን የእኛ የመጀመሪያው አልነበረም። የሚያንገበግበኝ የአባዬን የንስሐ አባት ከአባዬ የነጠቁት በራሱ በአባዬ ትምህርት መሆኑ ነው። ቤቴ መጥተው፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው፣ የሠራሁትን በልተው፣ ከአፉ የሰሙትን ይዘው ሄደው ነው ያደረጉት። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አባዬ አገር ቤት ሳለ በመኮንኖች ትምህርት ቤት የጦር ታሪክ አስተማሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ እሱም ከነኮሎኔልነቱ ቤቱ ገባ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን መተዉ አላስችል ስላለኝ ወደዚህ አሜሪካ አስመጣሁትና ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ካለው አፓርታማዬ አንዱን መኝታ ቤት ሰጠሁት። የሰው አባት በርበሬና ሽሮ ይዞ ይመጣል። የእኔ አባት ሁለት ሻንጣ ሙሉ የጀርመን ጦር ታሪክ ይዞ መጣ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ከጋሪው ሳወርድ ወገቤ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። «በርበሬውስ አባዬ?» ስለው፣ «እዚህ ሁሉ ነገር አለ ሲሉ ሰምቼ» አለኝ፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው ይመስል።

ለምን ጀርመን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንድ ቀን የመኪናዬ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመን እርዳታ ስንጠብቅ በደንብ መለሰልኝ። «ልጄ፣ ከእነሱ የበለጠ ጎበዝ ተዋጊ ብፈልግ አጣሁ። ከእነሱ የባሰ ሽንፈት የተሸነፈም ብፈልግ አጣሁ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ ፈለግኩ» አለኝ። ትምህርቱንም የከፋፈለው እንደዚሁ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጀርመኖች እንዴት እንደሚያሸንፉ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ለምን እንደተሸነፉ። የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውን የቀረን እጩ መኮንን ለፈተና አያስቀምጥም ነበር። የአዛዥ ዘመድ ቢሆንም አያስቀምጥም። በዚህ የተነሳ ጠላት እንዳፈራ እናቴ ትነግረኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ በሚባለው የዚሁ አገር ከተማ ነበር፤ ቀድሞ የምንጣፍ መሸጫ የነበረ ሰፊ ቤት። ምእመናኑ ከሥራ መልስ እየመጡ ነው ግድግዳውን ያፈረሱትም ያቆሙትም። አባዬ ከሳምንቱ ሁሉ የሚኖርላት ቀን እሑድ ነበረች። ገና ሳይነጋ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ቤልትዌይ የሚባለውን የከተማውን ቀለበት መንገድ ዞረን፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግረን እንሄዳለን። አስተዳዳሪው መነኩሴ ነበሩ፤ ሁላችንም «አባ» የምንላቸው፣ እልኸኛ፣ ከሰው ጋር ተለሳልሶ መኖር የማይሆንላቸው፣ ግን ሌሊት ታማሚ አለ ቢባሉ አውቶቡስ ቀይረው የሚሄዱ ሰው። አባዬ በአብዮቱ ዘመን ሁሉ ንስሐ ሳይገባ ኖሮ፣ በስተርጅናው እዚህ አገር ነው እሳቸውን የንስሐ አባቱ አድርጎ የያዘው። ንስሐውንም እንደ ጎበዝ አስተማሪ ከፋፍሎ ነበር የሚናገረው። አንድ ቀን ሲመለስ መኪና ውስጥ፣ «አብዛኛውን ጨርሻለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ፤ የሰሜኑ ጦርነት ነገር ናት። እሷን ሳልናገር መሞት አልፈልግም» አለኝ። ምን እንደሆነች አልጠየቅኩትም፤ የሚጠየቅም አይደለም። ልቡ ደካማ እንደሆነ ግን ሐኪሙ ነግሮኝ ነበርና ፈራሁ።

የቦርዱ ሊቀ መንበር አናንዴል ቢሮ ያለው የኢንሹራንስ ሰው ነበር። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ሁለቴ «እህቴ» ሳይል ንግግሩን የማይጨርስ። እሱና አባ የተጣሉበት ምክንያት ዛሬ ብትጠይቁኝ ቀጥ አድርጌ መናገር አልችልም። ቦርዱ አባ ደንብ አያከብሩም ይላል፤ አባ ቦርዱ መቅደስ ውስጥ እጁን አስገባ ይላሉ። ሁለቱም ለየብቻ እየመጡ ለአባዬ አቤት ይሉ ነበር። እሱም ሁለቱንም ሰምቶ «ታረቁ» ይላል። ለእርቅ ሽማግሌ እንዲሆን የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ሊቀ መንበሩ ደወለልኝ። ፎልስ ቸርች የሚባል ከተማ ባለ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ነው ያነሳሁት።

«እህቴ፣ ኮል ያደረግኩሽ ኮሎኔልን ለአንድ ነገር ላስቸግራቸው ፈልጌ ነው። ለቦርዱ የሊደርሺፕ ትሬኒንግ እንዲሰጡልን። ያው ስትራቴጂ ምናምን። እሳቸውን የመሰለ ሰው እያለን ሳንጠቀምባቸው እኮ፣ እህቴ!»

«እሱን ጠይቁት» አልኩ። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ለዓመታት ስለሚያውቀው ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔ ራሴ ሲጀምርልኝ ሰሐን ላጥብ እያልኩ የምሸሽ ነኝ። ከረቫቱን አስተኮሰኝ። ካርታ ላስቀዳ ብሎ አብሮኝ ወጣ። ደስ ሲለው ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልክድም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰባት ሆነው መጡ። የምግብ ጠረጴዛዬን ሳሎን መሃል ጎተቱት። አባዬ ካርታውን ዘረጋና የራሱን የመድኃኒት ብልቃጦች ክፍለ ጦር አደረጋቸው፤ የደም ግፊቱ ፕሩሲያ፣ የስኳሩ ፈረንሳይ። ከፕሩሲያ፣ ከጥንቷ የጀርመን መንግሥት ነው የጀመረው። «ድሃ አገር ነበረች። ዙሪያዋን ኃያላን ከበዋታል። ጦርነት ከረዘመባት ታልቃለች። ስለዚህ ገና ከጥንት የተማሩት ጦርነት አጭር እንዲሆን ነው፤ ጠላት ተደራጅቶ ሳይነሳ ነገሩ ይለቅ» አላቸው። ከዚያ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት መጥቶ በአንድ ቀን እንዴት እንዳዋረዳቸውና ከዚያ ውርደት በኋላ ጦራቸውን እንደገና እንዴት እንደሠሩት ነገራቸው። ማዕረግ በዘር መሆኑ ቀርቶ መኮንን በትምህርት እንዲያድግ በሩን ከፈቱ። የሚያስብና የሚያቅድ ክፍል አቋቋሙ፤ ጠቅላይ ኤታማዦር የሚባለውን። ባቡር ሲመጣ ጦሩን ለያይተው ያጓጉዙና ውጊያው ሜዳ ላይ ያገናኙታል። ጠላት ፊቱን ሲመለከት ጎኑ ላይ ያገኛቸዋል።

«ለበታች መኮንን ምን እንደሚፈለግ ይነግሩታል። እንዴት እንደሚያደርገው ግን ለእሱ ይተዉለታል» አለ አባዬ። «የተሳሳተውን ይቅር ይላሉ። እጁን አጣጥፎ ትእዛዝ የጠበቀውን ግን አይምሩትም።» ከበባን እንዴት እንደወደዱ፣ ካኔ ላይ በጥንት ዘመን ሮማውያን የተከበቡበትን ውጊያ እንዴት እንደ ጸሎት መጽሐፍ እንደደገሙት አስረዳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጠንካራውን ምሽግ ትቶ በደካማው በኩል ሰርጎ ማለፍን እንዴት እንደተማሩ፣ ከዚያም ታንክና ሬዲዮ ሲመጣ ሁሉም አይታለፍም ያለውን ጫካ አልፈው ፈረንሳይን ከኋላዋ እንዴት እንደቆረጧት ተናገረ። ይህን ሲል የደም ግፊቱን ብልቃጥ በጨው ዕቃው ጀርባ አዙሮ የስኳሩን ከኋላው ዘጋበት። ሊቀ መንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ።

«ኮሎኔል፣ ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንስ? ጠላት ቢበዛስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ቁጥር ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ የትና መቼ ነው» አለው አባዬ። ሁሉም ስልካቸው ላይ ጻፉት። ወጥ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ምን ዓይነት ጠላት ያለው የቤተ ክርስቲያን ቦርድ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። በልተው፣ አመስግነው፣ የአባዬን ጉልበት ስመው ሄዱ። ሲወጡ አባዬ በር ላይ ቆሞ፣ «ሁለተኛው ክፍል ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። እንዳትቀሩ፤ ዋናው እሱ ነው» አላቸው። «እንዴት እንቀራለን ኮሎኔል!» አሉ ባንድ አፍ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድም ሰው አልመጣም። አባዬ ከረቫቱን አስሮ፣ አዲስ ካርታ ዘርግቶ፣ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድሮ ተቀምጧል። ምግቡ ቀዘቀዘ። ሊቀ መንበሩ ጋ ደወልኩ።

«ውይ እህቴ፣ አንድ አስቸኳይ ሚቲንግ ገጠመን እኮ! ለኮሎኔል ይቅርታ በይልኝ። ደግሞ የሚያስፈልገንን ነገር አግኝተናል፤ በጣም ኮንተንት ያለው ነበር» አለኝ።

የሚያስፈልገንን አግኝተናል! ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ስመለስ አባዬ ምንም ሳልነግረው ገባው። እኔም በንዴት የታጠበውን ልብስ ክምር አምጥቼ ከፊቱ ሶፋ ላይ ቁጭ አልኩና፣ «እኔን አስተምረኝ» አልኩት። እያጣጠፍኩ እሰማለሁ፤ እሱም ለእኔ ለአንዷ፣ ለሰባቱ ባዶ ወንበሮች ጭምር እንደሚናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አስተማረ።

ከአንደኛው ጦርነት በፊት ያወጡት ታላቅ እቅድ ወረቀት ላይ እንዴት ያማረ እንደነበር ነገረኝ፤ ቀኝ ክንፉ በቤልጂየም ዞሮ ፈረንሳይን ሊያቅፍ። የወታደሩ እግር ስንት ቀን እንደሚችል፣ ፈረሶቹ ምን እንደሚበሉ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። በዚያ ብልህ ሰዎች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ምርጦቹ ለውጊያው እቅድ ይሄዳሉ፤ ስንቅና መረጃ ለተረፈው ሰው ይሰጣል። «ውጊያውን ካሸነፍን ጠላት ይንበረከካል ብለው አሰቡ። ካልተንበረከከስ? ከዚያስ? ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ሲያጡ ሌላ ውጊያ ያሸንፋሉ» አለኝ። ሩሲያ ውስጥ ከበባ በከበባ ላይ ሠርተው፣ የተማረከው ሰው ተቆጥሮ እስኪታክታቸው ድረስ አሸንፈው፣ በበጋ ልብስ በረዶ ውስጥ እንዴት እንደቆሙ ነገረኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የባሰው ግን ይኼ አይደለም። ጦራቸውን ሊቀልቡ የአገሩን ሰው በረሃብ ሊገድሉ ያቀዱት እነዚሁ ብልሆች ናቸው። ምርኮኛውን ሜዳ ላይ አጥረው በረሃብ ጨረሱት። ከጀርባቸው አይሁድ ሲጨፈጨፍ ያውቃሉ፤ መንገድም መኪናም ሰጥተዋል። ኋላ ጦርነቱ ሲያልቅ እኛ ወታደር ብቻ ነበርን፣ ጥፋቱ የአንድ እብድ ነው ብለው መጽሐፍ ጻፉ። ዓለምም ለብዙ ዘመን አመናቸው። ስለዚህ ነው ሁለተኛውን ትምህርት የማስገድደው። የመጀመሪያው ምን ልታደርጉበት ነው ብሎ የማይጠይቅ ጥበብ ነው።» ልብሱን ማጣጠፍ አቁሜ ነበር። አባዬ ካርታውን ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረውና ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

የአበሻው ዓመታዊ የእግር ኳስ ውድድር ጁላይ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት የአካባቢያችን ሰው ግማሹ ወደተዘጋጀበት ከተማ ይነዳል፤ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ዘፋኝ፣ ነጋዴ ሁሉ። አባም በዚያ ዓመት ለተሰበሰበው ሕዝብ ቀድሱልን ተብለው ሄደው ነበር። ሊቀ መንበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የጠራው በዚያ ሳምንት ነው። ማስታወቂያው ደንቡ በሚለው መሠረት ተለጥፏል፤ የተለጠፈው ግን ማንም በማይገባበት በኋለኛው በር ላይ ነው። ደጋፊዎቹን ከፎልስ ቸርች፣ ከአናንዴልና ከሜሪላንድ በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ በተለያየ ፓርኪንግ ላይ አስጠብቆ፣ ባንድ ጊዜ አስገባቸው። የቀሩት ጥቂት የአባ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው መሃል ላይ ተቀምጠው ግራና ቀኛቸው እጅ ሲወጣ አዩ። አባ ከአስተዳዳሪነት ተነሱ፤ ቁልፍ ሠሪውም ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ሊቀ መንበሩ ነው። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ደወለ፤ አባዬ ጆሮው ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነበር የሚያነሳው፤ እኔም ሰማሁ።

«ኮሎኔል፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልክ እንዳስተማሩን ከበብናቸው! በጫካው በኩል ነው የገባነው፣ ሃሃሃ! የጀርመን ብሊትዝ ነው ያደረግናቸው!»

«ማንን?» አለ አባዬ።

«አባን ነዋ! ኮሎኔል፣ ይኼ የእርስዎ ድል ነው።»

አባዬ ስልኩን አልዘጋውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ሄደ፤ ሰውዬው ብቻውን ሲያወራ ቆየና ራሱ ዘጋው። እፍረት የሚባል ነገር ሳይፈጠርበት የቀረ ሰው እንዳለ በዚያ ቀን ነው ያመንኩት። የሰው ገንዘብ ቢሰርቁ ይሻል ነበር። የአንድን ሽማግሌ እውቀት ሰርቀው የንስሐ አባቱን አስወጡበት፤ ቀጥሎ ደግሞ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል!

እሑድ ጠዋት፣ አትሄድም ብዬ ብከለክለውም አልሰማኝም። ስንደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ሁለት የፖሊስ መኪና ቆሟል። አባ ከጉዟቸው ተመልሰው ቆባቸውን አድርገው፣ መስቀላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ያለቅሳሉ። አንድ ወጣት ፖሊስ አባን አይዲ፣ መታወቂያ ጠየቃቸው። ቅዳሴ ሲቀድሱበት ከኖሩት ቤት ደጃፍ ላይ አይዲ! አባዬ ከመኪናው ሊወርድ በሩን ከፈተ። ሊቀ መንበሩ ድሉን ከነአባዬ ስም በየስልኩ ሲያወራው ኖሮ፣ ከአባ ሰዎች አንዱ አየውና፣ «ያው፣ አስተማሪያቸው መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ። አባም ዞሩ፤ አባዬን አዩትና ፊታቸውን መለሱ።

ወሬው ከዚያ በኋላ ለጉድ ተናኘ። በኢንተርኔት ሬዲዮ ላይ «ከሴራው ጀርባ አንድ የቀድሞ ጦር ኮሎኔል አሉ» ተባለ። ስልክ እየተደወለ ተሰደበ። አባዬ ለአባ ደወለ፣ አላነሱም፤ መልእክት አስቀመጠ፣ አልመለሱም። እኔ ደወልኩ፣ ለእኔም አላነሱም። ሊቀ መንበሩ በአንጻሩ አንድ ቅዳሜ የምስጋና ሰርተፍኬት በመስታወት አስገጥሞ በር ላይ መጣ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍቼ፣ «ከዚህ ቤት የሚወሰደውን ወስደሃል። አሁን ምን ቀረህ?» አልኩት። «እህቴ፣ አንቺ ነገሩን በስሜት ነው የምታይው» አለኝ። ዘጋሁበት። በስሜት ነው እንጂ በምን ላየው ነበር!

ያሸነፉት ሰዎች ምን አገኙ ብትሉ፣ ሕንፃውን አገኙ። ዲያቆናቱ ከአባ ጋር ሄዱ። ዘማሪዎቹ ሄዱ። ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥሩት ሴትዮ ሄዱ። ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይቆምም፤ ያን ሰፊ ቤት ይዘው ቀዳሽ አጡ። ከሌላ ስቴት ቄስ በአውሮፕላን ያስመጣሉ፤ የመጣው ቄስ ነገሩን ሲሰማ በሳምንቱ ይመለሳል። ከዚያ ቦርዱ እርስ በርሱ ተባላና ሎየር አቆመ። አንድ እሑድ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል አልፌ ነበር፤ ድሮ መኪና ማቆሚያ አጥተን ሰፈር የምንዞርበት ግቢ ባዶውን ተኝቷል። ለአባዬ ስነግረው ይደሰታል ብዬ ነበር። «አይ…» ብቻ አለ፤ የታመመ ሰው ወሬ እንደነገርኩት።

«ሁለተኛውን ቢሰሙ ኖሮ ይኼ አይሆንም ነበር» ይለኝ ነበር ደጋግሞ። እኔ አላመንኩትም። ቢሰሙም ያው ነበሩ፤ ተኝተው ነበር የሚሰሙት። ግን እንደ አስተማሪ ማመን የነበረበት ይህንን ነውና አልተከራከርኩትም።

የዚህ አገር በረዷማ ክረምት ከገባ በኋላ የአባዬ ልብ ክፉኛ ደከመ። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። «ሌላ ቄስ ላምጣልህ?» ብዬ ስጠይቀው ተቆጣኝ። «የንስሐ አባት ሸሚዝ ነው እንዴ የምቀይረው? የጀመርኩትን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የቀረችኝን የምነግረው ለእሳቸው ነው።» አባ በዚያን ጊዜ ግሪንቤልት ውስጥ ከአንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተው እንደሚቀድሱ ሰማሁ። ሰው ልኬ ለመንኩ፤ ሽማግሌ አስልኬ ለመንኩ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ መልስ መጣ፤ ይምጡ ተባለ። አባዬ ያን ሌሊት የተኛ አይመስለኝም። ጠዋት ራሱ ተላጭቶ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ፊቱ የሕፃን ፊት መስሎ ነበር።

ምድር ቤቱ ጠባብና ሞቃት ነበር። ስንገባ ሰዎቹ እያዩን ተንሾካሾኩ፤ አንዲት ሴት አጠገባችን ተቀምጣ የነበረች ተነስታ ሄደች። አባዬ አንገቱን ደፍቶ፣ በትሩን ተመርኩዞ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ቆመ። ተቀመጥ ስለው እንቢ አለኝ። ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ አንድ ዲያቆን መጥቶ አባ እንደሚጠሩት ነገረን። አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቡን፤ የታጠፉ ወንበሮችና የልጆች ወረቀት የሞላበት። ክንዱን ይዤ አስገብቼው ልወጣ ስል አባ፣ «ግድ የለም፣ አንቺም ሁኚ» አሉኝ። ያኔ ነው ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ቆመው ያየሁት፤ የአዲሱ ኮሚቴ ሰዎች ነበሩ።

አባዬ መስቀሉን ተሳለመ። አባ ግንባሩን በመስቀሉ ዳበሱትና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ኮሎኔል፣ የሆነው ሆኗል። እግዚአብሔር ይፍታዎት» አሉት። የአባዬ ዓይን እንባ ሞላ። የእኔም ሞላ፤ የስንት ወር ቁጣዬ ከትከሻዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

ከዚያ አባ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞር አሉና እንደገና ወደ አባዬ ተመለሱ።

«አሁን እንግዲህ እኛንም ይርዱን። ለእነዚያ ያስተማሯቸውን ለእኛም ያስተምሩን። በመጪው ጉባኤ ሕንፃውን የምናስመልስበት መላ ያስፈልገናል። እነሱ ተዳክመዋል፤ ጊዜው አሁን ነው።»

አንደኛው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ሊጽፍ ተዘጋጀ።

አባዬ ለጊዜው የሰማውን ያልተረዳ መሰለኝ። አባን፣ ከዚያ ሰውዬውን፣ ከዚያ እኔን አየ። «አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ንስሐ ልገባ ነው» አለ በትንሽ ድምፅ።

«እሱ ይደርሳል፣ ኮሎኔል» አሉት አባ። «እሱ ይደርሳል» ብለው ወንበር ሳቡለት።

ምን እንደተናገርኩ ዛሬ ሁሉንም አላስታውስም። መነኩሴ ፊት መጮኼን ግን አስታውሳለሁ። ዲያቆኑ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ፣ አባ «ልጄ፣ ተረጋጊ» ሲሉኝ፣ አባዬ ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ አስታውሳለሁ። ደረጃውን አንድ በአንድ እየወጣን መኪናው ጋ ደረስን። ቀበቶውን አሰርኩለት። ቁልፉ አልገባልኝ አለ። አባዬ፣ ያቺን ለማንም ያልነገራትን ነገር እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ሌላ የምታውቂው ቄስ አለ?» አለኝ።

ቤተ ክርስቲያን በየመንገዱ በሞላበት በዚህ አገር፣ ከአንዱ ወገን ያልቆመ አንድ ቄስ በልቤ ብቆጥር ብቆጥር አጣሁ።